ለተሞላው ጥይት ዋስ ማነው? የተኩስ ሜዳዎች ክልከላና የእኛ ቀለህ

ሪያድ ውስጥ መተኮስ የወታደርና የአዳኝ ብቻ ሥራ መሆኑ እየቀረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የተካሄደው የሪያድ ሲዝን ከ14 የመዝናኛ ቀጠናዎቹ አንዱን «ኮምባት ፊልድ» ብሎ ለውጊያ ጨዋታና ለተኩስ ልምምድ ሰጥቶ ነበር። ከከተማዋ በስተሰሜን፣ መልሀም ላይ፣ የሳዑዲ የጭልፊት ክበብ በሚያዘጋጀው የጭልፊትና የአደን ኤግዚቢሽን የአደን ጠመንጃ ለአገሬው ዜጋ በአደባባይ ይሸጣል፤ የፈቃዱም ጉዳይ እዚያው ያልቃል። ሳኢድ አል ሙጠይሪ በኦሎምፒክ በበራሪ ዒላማ ተኩስ አገሩን ወክሎ ከተወዳደረ ወዲህ ደግሞ ዒላማ ተኩስ እንደ ስፖርት የሚነገርለት ሆኗል።

ይህ ሁሉ ባጥሐ ለሚውል ሐበሻ ሩቅ ወሬ ሊመስል ይችላል። ባጥሐ የሐዋላ፣ የሻንጣና የስልክ ቀፎ ሰፈር ነው፤ መሣሪያ ሲነሳ የሚሰማበት ቦታ አይደለም። ነገር ግን ከወሎ፣ ከጎንደር ወይም ከጎጃም የመጣ ሰው ክላሽ በእጁ ባይኖርም ስለ ጥይት ያውቃል። በሰርግና በለቅሶ ሲተኮስ ሰምቶ አድጓል። የፋብሪካውን ጥይት ከሌላው ለይቶ ዋጋ የሚተምን አጎት አለው። ከዚሁ ከተማ ወጣ ብሎ በእርሻ፣ በእረኝነትና በእስትራሃ (የዕረፍት ቤት) ጥበቃ የሚሠራው ወገናችን ደግሞ አሠሪው ለአደን ሲወጣ አብሮ ይወጣል፤ ባዶ ቀለህ የሚለቅመውም እሱ ነው። ስለዚህ የተኩስ ሜዳዎች በጥይት ላይ ያወጡት ደንብ ለኛም ጉዳያችን ነው።

በክፍያ የሚያስተኩሱ ሜዳዎችን ደንብ ያነበበ ሰው፣ ስለ ጆሮ መከላከያና ስለ መነጽር ከሚያወራው ክፍል ብዙ ሳይርቅ አንድ ክልከላ ያገኛል፦ በእጅ የተሞላ ጥይት አይገባም። ደንቡ እንደ ሜዳው ይለያያል። አንዱ ፈጽሞ ይከለክላል፤ ሌላው በሚያከራየው መሣሪያ ብቻ ይከለክልና በራስህ መሣሪያ ከሆነ ኃላፊነቱ ያንተ ነው ብሎ ያስፈርማል። ሌላው ደግሞ ብረት የለበሰ አረር ለመለየት ጥይቱን በማግኔት ይፈትሻል፤ መሬት የወደቀ ቀለህም የሜዳው ንብረት ነው ይላል።

በእጅ መሙላት ማለት የተተኮሰን ቀለህ ለቅሞ፣ አጽድቶ፣ ከሥሩ አዲስ መለኮሻ ገጥሞ፣ ባሩድ ሰፍሮና አረር ተክሎ እንደገና ሕይወት መስጠት ነው። አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ ይህን በጋራዡ የሚሠራ ሰው ሞልቷል። አንዳንዱ ለቁጠባ ነው የሚሞላው። ሌላው ግን ለጥራት ነው፤ ከሩቅ ዒላማ የሚወዳደሩ ተኳሾች አብዛኞቹ የሚተኩሱት ራሳቸው የሞሉትን ነው፤ ፋብሪካ ለሚሊዮን ጠመንጃ የሠራው ጥይት ለእነሱ ለአንዷ ጠመንጃ ልክ አይሆንምና። እንግዲህ የተኩስ ሜዳው የሚከለክለው አንዳንድ ጊዜ ከፋብሪካ የተሻለውን ጥይት ነው። ክርክሩም የሚነሳው እዚህ ላይ ነው።

ብዙ ተኳሾች ክልከላው የገንዘብ ነው ይላሉ። ሜዳው የራሱን ጥይት አትርፎ መሸጥ ይፈልጋል፤ የወደቀው ናስም ተሰብስቦ ይሸጥለታል። ይህ ሐሰት አይደለም። የኢንሹራንስ ድርጅቱም አለበት፤ የጠመንጃ ፋብሪካዎቹም አሉበት፤ ብዙዎቹ በእጅ የተሞላ ጥይት ተተኩሶበት ለተጎዳ መሣሪያ ዋስትና አንሰጥም ብለው በመመሪያቸው ጽፈዋል። ዳሩ ግን ትርፉ ሁሉ ቢቀር እንኳ ክልከላው የሚቆምበት ሌላ ምክንያት አለው፤ ለእኔም ዋናው እሱ ይመስለኛል። የተዘጋ ጥይት ውስጡ አይታይም። ሰባት ሰው ተራ በተራ ቢያገላብጠው ውስጡ ያለውን የሚያውቀው የሞላው ሰው ብቻ ነው። እሱም በዚያች ደቂቃ ልቡ ሌላ ቦታ ከነበረ አያውቀውም።

ይህን ለመረዳት ወደ ባሩዱ ታሪክ መሄድ ያስፈልጋል። አያቶቻችን ውጅግራ የሚሉት የፈረንሳይ ጠመንጃ እ.ኤ.አ. የ1874 ሥሪት ነው፤ ጥይቱ 25 ግራም እርሳስና 5 ግራም ከሩብ ጥቁር ባሩድ ነበረው። ጥቁር ባሩድ ቦታ ይፈጃል፤ ቀለሁን ይሞላዋል። ስለዚህ ሰፋሪው ቢሳሳት እንኳ እጥፍ አድርጎ የሚከትበት ቦታ አያገኝም፤ ስህተቱን ቀለሁ ራሱ ይይዝለታል። እ.ኤ.አ. በ1884 ፖል ቪዬይ የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት ጭስ አልባውን ባሩድ ሠራ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም የለቤል ጠመንጃ በዚሁ ባሩድ መጣ። አዲሱ ባሩድ ለጥቂቱ ብዙ ጉልበት ይሰጣል። የዛሬው ባለ 9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ጥይት ከግማሽ ግራም ያነሰ ባሩድ ነው የሚይዘው፤ በቀለሁ ውስጥ ትርፍ ቦታ ስለሚቀር ሁለት ጊዜ የተሰፈረ ባሩድ ያለ ችግር ይገባል፤ አረሩ ይተከልበታል፤ ከውጭ ሲያዩት ደህና ጥይት ነው። ለዚህ ጥይት የተፈቀደው ከፍተኛ ግፊት 2,350 ባር ነው፤ የመኪና ጎማ የሚነፋበትን አንድ ሺህ ጊዜ ያህል ማለት ነው። ይህ ጣሪያ በእጥፍ ባሩድ ሲታለፍ ብረቱ የሚሰነጠቀው ከተኳሹ ጉንጭ ጥቂት ስንዝር ርቆ ነው፤ ፍንጣሪውም ጎን ለቆመው ይተርፋል። የተኩስ ሜዳ ደግሞ ሰው ጎን ለጎን የሚቆምበት ቦታ ነው።

ከመብዛቱ ይልቅ ማነሱ ያታልላል። ባሩድ የሌለው ወይም ያነሰበት ጥይት ሲመታ ድምፁ ቀጠን ይላል፤ መለኮሻው ብቻውን አረሩን ገፍቶ አፈሙዙ ውስጥ ያቆመዋል። ተኳሹ «ከሸፈ» ብሎ ሌላ ያቀብላል፤ የሚቀጥለው ጥይት መንገድ የዘጋውን አረር ከኋላው ይመታዋል። በዚህ መንገድ ከደረሱት አደጋዎች የዓለም ሕዝብ የሚያውቀው የደረሰው በተኩስ ሜዳ ሳይሆን በፊልም ቀረጻ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 31 ቀን 1993 ዊልሚንግተን፣ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ የብሩስ ሊ ልጅ ብራንደን ሊ «ዘ ክሮው» የተባለውን ፊልም ሲሠራ ተመትቶ ሞተ። የፊልሙ ሠራተኞች ለካሜራ የሚታይ ባዶ ጥይት ሲቸግራቸው ከእውነተኛ ጥይት ባሩዱን አራግፈው በእጃቸው ሠርተው ነበር፤ መለኮሻውን ግን አላወጡም። አንዱ አረር አፈሙዙ ውስጥ ቀርቶ ኖሯል፤ ማንም አላየም። ኋላ ድምፅ ብቻ ያሰማል የተባለው ጥይት ሲተኮስ ያንን አረር ይዞት ወጣ። ክፋት የነበረበት ሰው የለም። በእጅ የተሠራ ጥይት ከሠሪው እጅ ወጥቶ ወደማያውቀው ሰው እጅ ስለተላለፈ ብቻ አንድ ወጣት ተቀበረ።

ከእጅ ወደ እጅ መተላለፉ ላይ ነው መቆየት የምፈልገው፤ የኢትዮጵያ ታሪክ ከዚህ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነውና።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ላይ የውጅግራ ጥይት በኢትዮጵያ ገበያ ገንዘብ ነበር። ከማርያ ቴሬዛ ብርና ከአሞሌ ጨው ጎን እንደ መልስ ይሰጥ ነበር፤ ዶሮ ይገዛበታል፣ እህል ይሸመትበታል። ባሩድ በአገር ውስጥ ይቀመም ስለነበር የተተኮሰው ቀለህም አይጣልም፤ እንደገና ሞልቶ ወደ ዝናር መመለስ የችግር ብልሃት እንጂ የመዝናኛ ሥራ አልነበረም። አውሮፓውያን እ.ኤ.አ. በ1890 ብራስልስ ላይ ተስማምተው መሣሪያ ወደ አፍሪካ እንዳይገባ መንገዱን ሲያጠብቡ፣ ዓድዋ ላይ የተሰለፈው ጦር የያዘው መሣሪያ ውጅግራ፣ ሬሚንግተን፣ ከሩሲያ የመጣ በርዳን፣ ከጣሊያን የተገኘ ቬተርሊ እያለ በየዓይነቱ ነበር። የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። በእንዲህ ያለ ሠራዊት ውስጥ ባዶ ቀለህ ንብረት ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በዱር በገደሉ የታገሉት አርበኞችም ብዙ ጊዜ የተኮሱት ከጠላት የማረኩትን ነው፤ አንድ ጥይት ከመተኮሱ በፊት ሁለት ጊዜ የሚታሰብበት ዘመን ነበር።

ጥይት ገንዘብ ሆኖ ሲዞር ግን አንድ ነገር ይጠፋል። ብር ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ብርነቱ አይለወጥም። የተሞላ ጥይት ግን ባለፈ ቁጥር ከሞላው ሰው ይርቃል፤ ሦስተኛው ገበያ ላይ ሲደርስ ማን ሞላው፣ በምን ሞላው፣ መቼ ሞላው የሚለውን የሚመልስ የለም። ሰደፉን ትከሻው ላይ ደግፎ ቃታ የሚስበው ገበሬ የሚያምነው መልኩን ብቻ ነው።

መልኩም ይዋሻል። በፋብሪካ ጥይት ቂጥ ላይ የተቀረጹ ምልክቶች አሉ፤ ብዙ ጊዜ ፋብሪካውንና ዓመቱን ይናገራሉ። ለፋብሪካው ጥይት ያ ጽሑፍ ዋሱ ነው፤ አደጋ ቢደርስ የሚጠየቅ ስም አለ። ቀለሁ ተለቅሞ ሲሞላ ግን ጽሑፉ አይፋቅም። ፋብሪካው ያልሰፈረው ባሩድ በፋብሪካው ስም ይሸጣል። ለዚህ ነው የተኩስ ሜዳ ሠራተኛ በዓይን አይቶ ሊለየው የሚቸግረው፤ ለዚህም ነው «የማን እንደሆነ ካላወቅኩ አላስገባም» ማለቱ ስግብግብነት ብቻ የማይሆነው።

በጦርነት ይህ የመልክ ውሸት ሆን ተብሎ ጥቅም ላይ ውሏል። በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካኖች በቬትናም «ኤልደስት ሰን» ባሉት ምስጢራዊ ዘመቻ የክላሽ ጥይቶችን በፈንጂ እየሞሉ፣ ከደህናዎቹ መካከል አንድ ሁለቱን እየሰገሰጉ ወደ ጠላት ግምጃ ቤት አስገቡ። ዓላማቸው የአንዱን ወታደር ፊት መበተን ብቻ አልነበረም፤ የቀሩት ወታደሮች በገዛ ጠመንጃቸው ላይ ያላቸውን እምነት መግደል ነበር። ምንጩ የማይታወቅ ጥይት ገዝቶ ልጁ ያለበት ቤት ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው ይህን ታሪክ ቢያውቅ መልካም ነው።

እንግዲህ ፈጽሞ መከልከል ብቸኛው መንገድ ነው? አይደለም። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ1890 ጀምሮ ቢዝሊ ላይ የሚገኘው የብሔራዊ ጠመንጃ ማኅበር ሜዳ በእጅ የተሞላ ጥይት አይከለክልም። ተኳሹ ግን ብቃቱን የሚያረጋግጥ ካርድ መያዝ አለበት፤ በእጅ የተሞላ ጥይት መጠቀም መቻሉም በዚያው ይታያል። ለጥይቱ ደህንነት ተጠያቂው እሱ ራሱ ነው። በዓለም አቀፉ የተግባራዊ ተኩስ ውድድርም አዘጋጆቹ ከተወዳዳሪው ጥይት ናሙና ይወስዳሉ፤ አረሩን ይመዝናሉ፤ ፍጥነቱን በመሣሪያ ይለካሉ፤ የክብደትና የፍጥነት ስሌቱ በሽጉጥ ከ125 በታች ከሆነ ውጤቱ አይያዝለትም። የእነዚህ ልኬት ለውድድር ፍትሕ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ቢሆንም ጥይት ተለክቶ ሊመረመር የሚችል ነገር እንጂ በይሁንታ ብቻ የሚተኮስ እንዳልሆነ ያሳያል።

ከሁሉ በላይ የሚጠቅመኝ ምሳሌ ግን እ.ኤ.አ. በ1914 የተመሠረተው፣ መቀመጫውን ቤልጂየም ያደረገው የመሣሪያና ጥይት ሙከራ ቋሚ ኮሚሽን ነው። አባል አገሮቹ መሣሪያና ጥይት ለሲቪል ገበያ ከመቅረቡ በፊት መንግሥት ባጸደቀው ቤተ ሙከራ እንዲፈተንና ማኅተም እንዲያርፍበት ያስገድዳሉ። ከዓረብ አገሮች አባል የሆነችው የተባበሩት ዓረብ ኤሚሬትስ ብቻ ናት። ሳዑዲም ኢትዮጵያም አይደሉም። ሳዑዲ ጥያቄውን በሌላ መንገድ ዘግታዋለች፤ እ.ኤ.አ. በ2005 (1426 ሒጅራ) የወጣው የመሣሪያና የጥይት ሕግ ያለ ፈቃድ መሥራትን፣ ማስገባትን፣ መሸጥንና መያዝን በከባድ ቅጣት ያስጠይቃል፤ በሰርግና በድግስ መተኮስንም ይቀጣል። በዚህ ሕግ ሥር ጋራዥ ውስጥ ጥይት መሙላት የትርፍ ጊዜ ሥራ ተብሎ ሊታለፍ አይችልም።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። በኪራይ መሣሪያ የሚያስተኩስ፣ ዛሬ መጥቶ ነገ የማይመለስ እንግዳ የሚያስተናግድ ሜዳ በእጅ የተሞላ ጥይትን ፈጽሞ ቢከለክል ልክ ነው፤ እንግዳውን አያውቀውም፣ ሊያውቀውም ጊዜ የለውም። የሪያዶቹ መዝናኛ ቦታዎች ከዚህ ወገን ናቸው። አባላቱን በስም የሚያውቅ ክበብ ግን ሁሉን በአንድ ቃል ከሚከለክል የሞላው ሰው ራሱ፣ በራሱ ጠመንጃ፣ በስሙ ፈርሞ እንዲተኩስና ለጎረቤቱ አንድ ጥይት እንኳ እንዳያውስ ቢያደርግ ይሻላል። መጥፎው ሦስተኛው መንገድ ነው፦ ክልከላም የለ፣ ፍተሻም የለ፣ የሚጠየቅም የለ። ኢትዮጵያ ያለችው እዚህ ነው።

የመሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ሲወጣ ትልቅ እርምጃ ነበር። ማን መያዝ እንደሚችል፣ ማን እንደማይችል፣ መሣሪያ መያዝ ባህል በሆነባቸው አካባቢዎች ያለው እንዴት እንደሚመዘገብ ለመወሰን ሞክሯል። በየቤቱ የሚደረገው ክርክርና በየኬላው የሚደረገው ፍተሻ ግን ዛሬም ያለው ጠመንጃው ላይ ነው። ጠመንጃ አንድ ጊዜ ይመዘገባል፤ ጥይት ግን በየጊዜው ይገዛል፤ በጨለማ ይገዛል፤ አምቦ አካባቢ ካለው ከሆሚቾ ፋብሪካ ይውጣ፣ ድንበር ተሻግሮ ይምጣ፣ ጓዳ ውስጥ ይሞላ፣ ገዢው የሚያይበት መንገድ የለውም። ሕጋዊ ባለ ፈቃድ የሆነው ገበሬ እንኳ መሣሪያውን ሞክሮ ልኩን የሚያውቅበት ክትትል ያለው የዒላማ ሜዳ በወረዳው አያገኝም። የሚሞክረው በጥምቀት፣ በሰርግና በለቅሶ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ወደ ሰማይ ነው። የከሸፈውን ጥይት ምን እንደሚያደርገው ያስተማረው የለም፤ ወዲያው ያወጣዋል ወይም ሌላ ያቀብልበታል።

በትግራይ ከነበረው ጦርነት በኋላ፣ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮም በአማራ ክልል ደም እየፈሰሰ ስለ ዒላማ ሜዳና ስለ ጥይት ጥራት መናገር ቅንጦት የሚመስለው ሰው ይኖራል። ስሜቱ ይገባኛል። ሆኖም ጦርነት ሲያልቅ ጠመንጃው ቤት ውስጥ ይቀራል፤ ጥይቱም ሳጥን ውስጥ፣ ጣሪያ ሥር፣ እህል ጎታ አጠገብ ይቀራል። እርጥበት የገባው፣ ሁለት ሦስት ጊዜ የተሞላ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ጥይት በሰላሙ ዘመን ነው የሰው እጅ የሚቆርጠው። ስለዚህ መሣሪያ ሲመዘገብ ጥይቱ አብሮ ይታይ፤ ያረጀውንና ምንጩ ያልታወቀውን ያለ ቅጣት ተቀብሎ የሚያጠፋ ጣቢያ በየዞኑ ይኑር። ፈቃድ የሚሰጠው አካል ፈቃዱን ከመስጠቱ በፊት ሰውየውን ቢያንስ አንድ ቀን ክትትል ባለው ሜዳ ላይ ያቁመው። የከሸፈ ጥይት ሲያጋጥም አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳቀኑ መጠበቅን፣ ድምፁ የቀጠነ ጥይት ከተተኮሰ በኋላ አፈሙዙን ሳይፈትሹ አለመቀጠልን ለማስተማር ግማሽ ቀን ይበቃል። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

እዚህ ሪያድ ያለው ወገናችንም የሚጠነቀቅበት ነገር አለ። መንፉሃ ላይ ከተነሳው የ2013ቱ (እ.ኤ.አ.) ግርግር ወዲህ በባጥሐና በመንፉሃ ሰፈሮች ፍተሻ ብርቅ አይደለም። በእርሻና በበረሃ የሚሠራ ሰው አሠሪው የተኮሰበትን ቀለህ ለመታሰቢያ ብሎ ኪሱ አይክተት፤ ከቁራጭ ብረት ጋር ለመሸጥ አይሰብስብ፤ ወደ አገር ቤት በሚላክ ሻንጣ ውስጥም አይጨምር። ባዶ ነው ብሎ የሚያስበው ናስ በንጉሥ ኻሊድ አውሮፕላን ማረፊያ መፈተሻ ላይ ሲታይ ባዶነቱን የሚያስረዳበት ቋንቋ ላይኖረው ይችላል። አሠሪው «ያዝልኝ» ብሎ ጠመንጃ ቢሰጠው፣ ፈቃዱ የአሠሪው እንጂ የእሱ አለመሆኑን አውቆ በአክብሮት እምቢ ይበል። እምቢታው ከሥራ የሚያስወጣው ከመሰለው ለኤምባሲው ወይም ለሚያምነው የአገሩ ሰው አስቀድሞ ያሳውቅ።